የአያቴን ዘር በደረሰኝና በክርስትና ስም

ገጠር የተወለደች አያት የልደት ምስክር ወረቀት የላትም። ወሳኝ ኩነት በአገር ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የገበሬ ስም መንግሥት ወረቀት ላይ የሚገባው በአብዛኛው ወይ ሲገብር ወይ ሲካሰስ ነበር። ዘሩን የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

የእናቴ ወገን ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ነው፤ ከፈረስ ቤት ወጣ ብሎ። ከአያቴ ሣጥን የወጣ የድሮ የግብር ደረሰኝ ላይ ያለውን ስም ከልጆቿ አንዳቸውም አያውቁትም። አጎቴ «የሌላ ሰው ወረቀት ነው» ብሎ ሊጥለው ነበር። እዚያ አገር ግን ግብር ይገባ የነበረው መሬቱን መጀመሪያ ባቀናው አባት ስም ነው። ሰውየው ካረፈ ብዙ ትውልድ ቢያልፍም ግብሩ በስሙ ይቀጥላል። የእሱ ዘር ነኝ የሚል ሁሉ፣ በእናትም ይሁን በአባት፣ ከርስቱ ድርሻ ይጠይቃል። ያ ማናችንም የማናውቀው ስም የሐረጋችን ጫፍ ነበር።

ድርሻ የሚጠይቅ ደግሞ ዘሩን መቁጠር ግድ ይለዋል። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፅ፣ ገበሬውን ካስፈሩት ነገሮች አንዱ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይጠፋል የሚለው ነው። በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ርስት አበቃ። ዘር ቆጥሮ መሟገትም አብሮ ቀረ። ያኔ ዳኛ ፊት ቆሞ ዘሩን የቆጠረ የ25 ዓመት ጎልማሳ ዛሬ 75 አልፎታል። ሽማግሌ ያላችሁ፣ እባካችሁ ዘንድሮውኑ ጠይቁ።

ከሁሉ የረዳኝ የርስት ክርክር ነው። አንድ ዘመዳችን የአባቱን የፍርድ ግልባጭ በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ከሳሽም ተከሳሽም ከአቅኚው አባት ይነሡና «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እያሉ እስከ ራሳቸው ይወርዳሉ። ሴቶቹ አልተዘለሉም፤ ርስት በእነሱም ይወርዳልና። በአባትና በአያት ስም ብቻ ለምንጠራ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሴት አያቶቻችን ስም ሌላ የት ይገኛል? በእርግጥ ተሟጋች ለመርታት ሲል ሐረጉን ሊያጣምም ይችላል። ስለዚህ የምይዘው ሁለቱ ወገኖች ያልተካካዱበትን ነው።

ደብሩ ላይ ደግሞ በዓለም ስም መጠየቅ አያዋጣም። ጥምቀቱም ፍትሐቱም በክርስትና ስም ነው። አያቴን በመጠሪያ ስሟ ስጠይቅ ቄሰ ገበዙ ዝም አሉ። «ወለተ ጊዮርጊስ» ስላቸው ግን ፊታቸው ፈታ አለ። «የእሳቸውን ፍትሐት እኔም ቆሜበታለሁ። አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ፈቃድ ጠይቄ፣ እሳቸው እየገለጡልኝ፣ ተአምረ ማርያሙን አየሁ። ብራና ላይ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ አንዳንዴም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የቀድሞው ስም ተፍቆ ሌላ ይጻፍበታል። የተፋቀ ቦታ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ግን ወለተ ጊዮርጊስ በየደብሩ አለች። ባል ወይም ልጅ አብሮ ካልተጻፈ «የእኔ ናት» ማለት አይገባም።

ወገናችሁ ጎንደር ከሆነ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ሽያጭ ውል ከነምስክሮቹ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። ከእነዚያ መጻሕፍት በርካታዎቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። የሰው የቤተሰብ ሰነድ ነው እኮ!

የእኛ ሐረግ ከአያቴ ወደ ላይ እስከ አራተኛው ቤት ያስማማል። አምስተኛው ላይ አንዱ ወገን በወንድ ልጁ፣ ሌላው በሴት ልጁ ነው የምንወርደው ይላል። ሴቲቱ የተዳረችው ወንዝ ማዶ ወዳለው ደብር ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው፣ እዚያ እወርዳለሁ።