ሰርቨር በደጋ፦ የደብረ ብርሃን ዕቅዳችን የደረሰበት

ሰላም ወገኖች።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ደብረ ብርሃን ላይ አነስተኛ የሆስቲንግ ሥራ አለን። የትምህርት ቤት፣ የሆቴልና የክሊኒክ ድረ ገጾችን እናስተናግዳለን። እስካሁን የሠራነው በኪራይ ሰርቨር (ድረ ገጾቹ የሚቀመጡበትና የሚሠሩበት ኮምፒውተር) ነው። አሁን የራሳችንን ዕቃ ለማቆም እያቀድን ነው። ዕቅዱ ገና አላለቀም። የደረስንበትን ግን ላካፍላችሁ ፈለግኩ፤ በተለይ እንደኛ ደጋ ላይ ላላችሁ።

ከሁሉ በፊት የምለው አንድ ነገር አለ። ዕቃ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 71 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህቺ ቁጥር ማቀዝቀዣውንም፣ ጄኔሬተሩንም፣ ሃርድ ዲስኩንም ትነካለች። ዕቅዳችንን ከእሷ ተነስተን ነው የሠራነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው "ስንት ሰዓት ብንጠፋ ደንበኛ ይችለናል?" ብለን ነው። ከዓመቱ ሰዓት 99 በመቶውን እንሠራለን ሲባል ትልቅ ይመስላል። በዓመት ሲቆጠር ግን ከ3 ቀን ተኩል በላይ መጥፋት ነው። 99.9 በመቶ ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። 99.99 ደግሞ 53 ደቂቃ አይሞላም። ዘጠኝ በተጨመረ ቁጥር ወጪው ይንራል። እኛ 99.9ን መረጥን። ባለን አቅም ከዚያ በላይ ቃል መግባት ደንበኛን መዋሸት ነው ብዬ አምናለሁ።

ብርዱን በተመለከተ ሁሉም የሚለን አንድ ነው፦ "እናንተ ምን አለባችሁ! መስኮት መክፈት ነው።" እውነት አለው። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር መግቢያ አየር የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ደብረ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ናት። ሸዋ ሮቢት ብንሆን ኖሮ ኤሲው ቀን ከሌሊት በሠራ ነበር። እኛ የውጭውን አየር በማራገቢያ አስገብተን የሞቀውን ብናስወጣ ይበቃናል።

ማራገቢያው ላይ ግን ሒሳብ አለ። 2 ኪሎዋት የሚበላ ዕቃ አለን እንበል። አየሩ በሰርቨሩ ውስጥ ሲያልፍ በ10 ዲግሪ ይሙቅ። ባሕር ወለል ላይ ለዚህ በሰዓት ወደ 600 ሜትር ኩብ አየር ይበቃል። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ወደ 840 ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ 600 የሚል አይቶ የገዛ ሰው ውጭው እየቀዘቀዘ ሰርቨሩ ሲግልበት ግራ ይገባዋል። በዚያ ላይ ሰርቨሩ ራሱ የሚችለው ሙቀት በከፍታ ይቀንሳል። አሽሬ ኤ2 የሚለው ደረጃ ላይ ያሉ ሰርቨሮች እስከ 35 ዲግሪ ይፈቀድላቸዋል። ከ900 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። በእኛ ከፍታ ጣሪያው ወደ 29 ይወርዳል ማለት ነው።

ውርጩም አለ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌሊቱ ወደ 0 ይጠጋል። ያን አየር ቀጥታ ሰርቨር ላይ መልቀቅ አይሆንም። ከሰርቨሩ ጀርባ የሚወጣውን ሙቅ አየር መልሶ ከውጭው ጋር መቀላቀል ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚከፈትና የሚዘጋ የቆርቆሮ መዝጊያ ያለው መተላለፊያ አስበናል። አንድ ቴርሞሜትር ከራኩ (ሰርቨሮቹ ከሚደረደሩበት መደርደሪያ) ፊት፣ አንድ ከጀርባ ይሆናል። ክረምት ላይ ደግሞ ጉም አለ። እርጥብ አየር የቀዘቀዘ ብረት ሲነካ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛና ቦርድ አይስማሙም። በእነዚያ ቀናት መዝጊያውን አጥብበን ክፍሉ በራሱ ሙቀት እንዲቆይ እናደርጋለን። በበጋ አቧራ ስላለ ያለ ፊልተር አየር አይገባም። ፊልተሩ በወቅቱ ካልታጠበ ያ ሁሉ የአየር ሒሳብ ከንቱ ነው።

ሃርድ ዲስክ ላይ ያገኘሁት በጣም ያስገረመኝ ነው። አብዛኛው ሃርድ ዲስክ እንዲሠራ የሚፈቀድለት እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። መረጃ የሚያነበው ጫፍ መረጃው ያለበትን ሳህን አይነካም። ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጠር ቀጭን አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ርቀቱ ይጠብባል። ደብረ ብርሃን ከገደቡ በታች ናት፤ ግን ብዙም አትርቅም። መሀል ሜዳ ወይም ሌላ ከፍ ያለ የመንዝ ከተማ ላይ ሰርቨር ለማቆም የምታስቡ ካላችሁ ከገደቡ በላይ ናችሁ። ኤስኤስዲ የሚባለውን የዲስክ ዓይነት ተጠቀሙ፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ ችግር የለበትም። እኛም ዋናውን ሁሉ በኤስኤስዲ አድርገናል።

የጄኔሬተሩን ጉዳይ ያስረዱኝ ዕድሜያቸውን ናፍጣ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው። "ጋሼ፣ 20 ኬቪኤ ይበቃናል?" አልኳቸው፤ ኬቪኤ የጄኔሬተር አቅም መለኪያ ነው።

"ልጄ፣ የተጫነ መኪና ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"ጭሱስ?"

ጥቁር ነው። አየሩ ሳስቶ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ ስለማይነድ ነው አሉኝ። ቆሞ የሚሠራ ሞተርም ያው ነው። 20 ኬቪኤ በተለመደው ስሌት 16 ኪሎዋት ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እዚህ ሲደርስ ከሩብ በላዩ ሄዷል። ስለዚህ 12 ኪሎዋት ብለን እንኳ መቁጠር አንችልም። ቱርቦ ያለው የሚያጣው ያነሰ ነው። ጋሼ የጨመሩልኝ ሌላ ነገር፣ በውርጭ ሌሊት የማስነሻው ባትሪ እንደሚደክም ነው። ጄኔሬተሩ የሚፈለገው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ የማስነሻው ባትሪ ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ይሆናል። በየሳምንቱም ጭነት ሰጥተን እናስነሳዋለን። ባዶውን ማስነሳት ብቻውን ብዙ አይነግርም።

መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለችውን ክፍተት ዩፒኤስ የሚባለው ባለ ባትሪ መሣሪያ ይሸፍናታል። እኛ ግን ጄኔሬተሩ እምቢ ቢልስ ብለን አሰብን። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ አራት ብንይዝ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የሊድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በታች አናወርደውም። 2.4 ቀረን። የባትሪውን ኃይል ወደ መብራት በሚለውጠው ኢንቨርተር የሚባክነውን 10 በመቶ ስንቀንስ 1.2 ኪሎዋት ጭነት ለ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይይዛል። መካኒክ ተጠርቶ እስኪደርስ ይበቃል።

ባትሪው የት ይቀመጥ የሚለው ላይ በደንብ ተከራክረናል። አንዱ ጓደኛዬ በረንዳ ላይ ይሁን አለ፤ ቦታ እንዳያጣብብ። አልተስማማሁም። የሊድ ባትሪ 0 ዲግሪ አካባቢ አቅሙ በአምስት አንድ ያህል ይቀንሳል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ ደግሞ ከ0 በታች ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ይጎዳል። ስለዚህ ባትሪው ውስጥ ገባ፤ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ተሠርቶለት። ደጋው እዚህ ላይ ይክሰናል። የሊድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ይህ የቆላ ሰዎች ራስ ምታት ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ገመዱ ባጭሩ ልበል። ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ (የመብራት መቀበያ) አለው። ሁለቱን አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት ትርፉ ምንድን ነው? ዲቫይደሩ ከተቃጠለ ሁለቱም ጠፉ። የእኛ ቀይ ቴፕ ያለው ገመድ ወደ አንዱ ዩፒኤስ፣ ሰማያዊው ወደ ሌላው ይሄዳል። እያንዳንዱ ዩፒኤስ የራሱ ብሬከር አለው። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሙሉውን ጭነት መሸከም አለበት። ስለዚህ ሁለቱም ከግማሽ በታች ነው የሚጫኑት። መብረቅ ስላለ ኧርዙ (ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርደው ገመድ) በትክክል ይቀበራል። የምናስለካው በበጋ መጨረሻ፣ አፈሩ ደረቅ ሲል ነው። በክረምት የተለካ ኧርዝ ሁልጊዜ ጥሩ ይመስላል።

ኢንተርኔቱ ላይ ሁለት መስመር መያዝ ብቻውን አይበቃም። መጠየቅ ያለበት ሁለቱ በየት በየት ይሄዳሉ የሚለው ነው። በአንድ ቦይ ከተቀበሩ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል። የሞባይል መስመር መጠባበቂያ ይሆናል፤ ነገር ግን ታወሩም መብራት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ስንደምር ዋናውን ሰርቨር ደብረ ብርሃን ላይ ማድረግ 99.9ን እንደማይሰጠን ገባን።

እናም ወሰንን። የደንበኞች ድረ ገጾች የሚሠሩበት የራሳችን ሰርቨር አዲስ አበባ፣ አይሲቲ ፓርክ ካሉት ዳታ ሴንተሮች (የብዙ ሰርቨሮች ማስተናገጃ ሕንፃዎች) በአንዱ በኪራይ ራክ ላይ ይቀመጣል። ቲየር 3 በሚባለው ደረጃ የተሠራ ዳታ ሴንተር አንዱ ክፍል ለጥገና ሲወጣ ሥራው አይቆምም። ያንን እኛ እዚህ ቤት መሥራት አንችልም፤ መከራየት ግን እንችላለን። የደብረ ብርሃኑ ክፍል ለባክአፕ (ለመጠባበቂያ ቅጂ)፣ ለሙከራና አዲስ አበባ ሲወድቅ ለመነሳት ይሆናል። በመካከል 130 ኪሎ ሜትር አለ።

ጓደኞቼ "ለምን ባክአፑንም እዚያው አናደርገውም?" ብለው ነበር። በአውሮፓ ካሉት ትልልቅ የሆስቲንግ ድርጅቶች አንዱ የሆነው የኦቪኤች ታሪክ ነው መልሴ። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ያለው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። አንድ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ አጠገቡ ያለውም በከፊል ተጎዳ።  ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ከዋናው ጋር ባክአፑንም አጡ። የትምህርት ቤት የዓመታት ውጤት አደራ የተቀበለ ሰው ይህን አንብቦ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ የለበትም።

ባክአፑን በየሌሊቱ የደብረ ብርሃኑ ማሽን ከአዲስ አበባው ሰርቨር ጎትቶ ያመጣል። የአዲስ አበባው ሰርቨር እዚህ የሚጽፍበት መብት የለውም፤ ሰርጎ ገብ እዚያ ቢገባ እንኳ ይህኛውን ማጥፋት እንዳይችል። በየወሩ አንድ ድረ ገጽ በዕጣ እናወጣለን። ባዶ ማሽን ላይ ከባክአፑ እናስነሳዋለን። ዳታቤዙ፣ ፎቶዎቹ፣ የኢሜይል ፎርሙ ሳይቀር ይታያል። የፈጀው ሰዓት ይመዘገባል።

ኔምሰርቨሮቹም (የድረ ገጹን ስም ወደ ሰርቨሩ አድራሻ የሚመሩት) ሁለት ቦታ ናቸው። ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጠውን የዲኤንኤስ ሥርዓት ቲቲኤል (የድሮው አድራሻ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) 300 ሰከንድ አድርገነዋል፤ መዛወር ሲያስፈልግ አብዛኛው ጎብኚ በደቂቃዎች ውስጥ አዲሱን አድራሻ እንዲያገኝ።

ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም አዘጋጅተናል። መብራት ጠፍቶ ሁሉም ነገር ከቆመ በኋላ የማስነሻ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ዩፒኤስ፣ ከዚያ ስዊች (የኔትወርክ ማከፋፈያው)፣ ራውተር፣ ስቶሬጅ (ዲስኮቹ ያሉበት ማሽን)፣ በመጨረሻ ሰርቨሮቹ። ስቶሬጁ ሳይነሳ የተነሳ ሰርቨር ዲስኩን አጥቶ ይቆማል። ወረቀቱ ላይ የይለፍ ቃል የለም፤ የት እንዳለ የሚያውቁት የሁለት ሰዎች ስልክ ግን አለ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ የመጣ ሰው የሚያነበው ስለሆነ ጽሑፉ ትልልቅ ነው።

የቀረን የጄኔሬተር ግዢ ነው። ቱርቦ ያለው ውድ ነው፤ የሌለውን ደግሞ በትልቅ መጠን መግዛት ናፍጣ ይበላል። ከ2,500 ሜትር በላይ ጄኔሬተር የምታሠሩ ካላችሁ የሞተሩን ዓይነት፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ኬቪኤና በተግባር ስንት ኪሎዋት ሲሸከም እንዳያችሁት ጻፉልኝ። የእናንተን ቁጥር ከጋሼ ስሌት ጋር አስተያይቼ ከመግዛታችን በፊት ውጤቱን አሳውቃችኋለሁ።