አንገቱ የተቀበረው አበባ

የመጀመሪያው ቅጠል እጄ ላይ የቀረው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ቢጫ ሆኖ አየሁትና ልቆርጠው ስይዘው፣ ምንም ሳይታገለኝ ከነመሠረቱ ተመዝዞ ወጣ። ጫፉ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል፤ እንደ በሰበሰ ድንች ይሸታል። ቀጥሎ ያለውን ሳብኩት፤ እሱም መጣ። ሦስተኛውን ለመንካት ፈራሁ።

ሥራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዝናብ ሲመታው ጫማ የሚያስቀር ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ያረፈ የአንድ አዲስ ሆቴል ግቢ ነበር። የግቢ ማስዋቡን ሥራ የያዘው ድርጅት ተቆጣጣሪ አድርጎ የመደበኝ እኔን ነው። የሆቴሉ ባለቤት ከመግቢያው እስከ ደረጃው ድረስ ግራና ቀኝ እንዲቆምላቸው የፈለጉት፣ ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ ሆኖ የተለኮሰ ችቦ የሚመስለውን አበባ ነው። 180 ግንጣይ ችግኝ ገዛን። አተካከሉን ለማወቅ በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን ስም ባይ «ሊሊ» የሚል ቃል አለበት። ሊሊ ደግሞ ተክዬ አውቃለሁ፤ እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ አለው፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይቀበራል። ይህንንም እንደዚያው አስተከልኩት። በእያንዳንዱ ዙሪያ ውኃ የሚይዝ ጎድጓዳ አስቆፈርኩ፤ ፍግም አስጨመርኩ። ከልቤ ነበር የሠራሁት።

ከቀን ሠራተኞቹ መካከል ከደባርቅ የመጡ አንድ እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። የመጀመሪያውን ጉድጓድ አይተው፣ ችግኙን በእጃቸው እንደያዙ፣ «አንገቱንም ትቀብሪዋለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፤ መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው» አልኳቸው። ቀና ብዬ እንኳን አላየኋቸውም። እሳቸውም ዝም ብለው ቀበሩት።

ነሐሴ ሲገባ የቆመው ከአርባ አይበልጥም። በዚያ ሳምንት ያደረግሁትን ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ለድርጅቱ «ችግኙ ታሞ የመጣ ነው» የሚል ሪፖርት ጻፍኩ፤ የችግኝ አቅራቢውም ቀሪ ክፍያ ታገደ። ከከተማው ዳር ችግኝ አፍልተው የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ስልክ ደውዬ የነገርኳቸው እኔው ነኝ፤ ድምፄም መልካም አልነበረም።

በማግስቱ በዝናብ መጡ፤ ቦት ጫማ አድርገዋል፣ መቆፈሪያ ይዘዋል። ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አላነሡም። «የዳነ አለ?» ብቻ አሉ።

ነበረ። በጎን በር በኩል የቧንቧ ሠራተኞች ቦዩን በጠጠርና በብሎኬት ስብርባሪ ሞልተውት ስለነበር፣ እዚያ ከአንድ ጋት በላይ መቆፈር አልተቻለም። 22ቱን ችግኞች ላይ ላዩን አስቀምጠናቸው አልፈናል። እንደውም ለሆቴሉ ባለቤት ይቅርታ የጠየቅሁበት ጥግ ያ ነበር። ለምለም ሆነው የቆሙት እነሱ ናቸው።

ሽማግሌው ከዚያ አንዱን፣ ከበሰበሱት ደግሞ አንዱን ነቅለው በቧንቧ ውኃ አጠቡና ሲሚንቶው ላይ ጎን ለጎን አጋደሟቸው። «ሁለቱም የተገነጠሉት ከአንድ እናት ነው። የሞተውን እዪው፤ ሥሩ ገና ነጭ ነው። የሞተው ከአንገቱ ነው፣ ልጄ።»

እውነትም የበሰበሰው ቅጠሉ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነበር። አዲስ ቡቃያ የሚነሣው ከዚያ ነው፤ ከዚያ በታች ወፍራም ግንድ አፈር ውስጥ ተጋድሞ ይኖራል። ሽንኩርት የሚመስል ራስ ፈጽሞ የለውም። «ዘመዱ እኮ እሬት ነው» አሉኝ። «እሬትን እስከ አንገቱ ቀብረሽ ጭቃ ውስጥ ታቆሚዋለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። በስሙ ውስጥ ያለ አንድ ቃል ይዤ ተክሉን ራሱን አላየሁትም ነበር። ችግኙ እጄ ላይ ሳለ ገልበጥ አድርጌ ብመለከተው ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ተጽፎ ነበር።

እትዬ ከኋላችን ቆመው ይሰሙ ነበር። «በእኛ አገር አሸንዳ እንለዋለን» አሉ። «የእኛው ቅጠሉ ከዚህ ሰፋ ይላል። ስሜን ላይ ዝናብ ሞልቷል፤ ግን ተዳፋት ላይ ስለሆነ ውኃው ይወርዳል እንጂ አይተኛበትም።» ያን ቀን ለምን አጥብቀው እንዳልነገሩኝ አልጠየቅኋቸውም። ነግረውኛል እኮ።

ሪፖርቱን በዚያው ማታ እንደገና ጻፍኩ፤ ጥፋቱ የአተካከል እንደሆነና ያስተከልኩትም እኔ መሆኔን ገለጽኩ። የሽማግሌው ክፍያ በሳምንቱ ተለቀቀ። አለቃዬ አልተቆጣም፤ ለሆቴሉ ባለቤት ግን ራሴ ሄጄ እንድናገር አደረገኝ። ከቁጣው ይልቅ የከበደኝ ያ ነው።

መስቀል እንዳለፈ ደግመን ተከልን። አሁን መደቡን 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገን፣ መረሬውን ከቀይ አሽና ከኮምፖስት ጋር ቀላቀልነው። ቅጠሉን በግማሽ ቆርጠን፣ በችግኞቹ መካከል ግማሽ ሜትር ተውን። አንገቱ ከአፈሩ ጋር እኩል መሆኑን የማረጋገጡን ኃላፊነት ለእትዬ ሰጠኋቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ እጃቸውን እያሳለፉ መረመሩ። ሁለቱን አስነቅለው ከፍ አደረጓቸው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ተክል ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የሳይንስ ስሙ ክኒፎፊያ ነው፤ እ.አ.አ. ከ1704 እስከ 1763 በኖረው በጀርመናዊው ሐኪምና የእፅዋት ተመራማሪ በዮሐን ክኒፎፍ ስም የተጠራ ነው። ወደ 70 ከሚጠጉት ዝርያዎቹ አብዛኞቹ የደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ እትዬ የሚያውቁት ባለ ሰፊ ቅጠሉ ግን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም። እሳቸው ሥሩ ለሆድ ቁርጠት ይሆናል ሲሉኝ ሰምቼ ነበር፤ ለካ እ.አ.አ. በ1984 ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኘ ከጀርመናዊው ስቴግሊሽ ጋር ከዚሁ ተክል አዲስ ኬሚካላዊ ውሁድ ለይተው አሳውቀዋል፤ ክኒፎሎን የሚለው ስሙም ከተክሉ የተወሰደ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን እ.አ.አ. በ2024 የወጣው ጥናት ነው፦ ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ የዚህን አበባ ማር ይልሳል፤ አንዳንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፣ አፍንጫውም በአበባው ብናኝ ይሸፈናል። የእረኞች ልጆችም እዚያ ይልሱታል።

ይህንን ለእትዬ ስነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም። አበባው በሁለተኛው ዓመት በደንብ ፈክቶ፣ ረጅም ምንቃር ያላቸው ወፎች ከማለዳ ጀምሮ ይመላለሱበት ነበር። እጄን ወደ ቀዩ ጫፍ ስዘረጋ እትዬ ያዙኝ።

«ከላይ ያለው ገና ነው» አሉ። «ከታች ነው የሚፈካው፤ ከቢጫው ቅመሺ።»