ያጠብኩት ወፍጮ

አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ውስጥ ከአርኪዮሎጂስቶች ጋር የሚሠራ አንድ ድርጅት በጊዜያዊነት ቀጥሮኝ ነበር። ሥራዬ ከበረሃ የመጡ ድንጋዮችን መቁጠር፣ ቁጥር መለጠፍና ካርቶን ውስጥ መደርደር ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ እጄ ገባ። ወፍጮ! መጁ እንኳ አብሮት አለ። እናቴ ወፍጮዋን ስትወቅር እያየሁ ያደግኩ ልጅ፣ ስለ ወፍጮ ማን ሊነግረኝ? በቀይ አፈር ተለውሷል። ቧንቧ ከፈትኩና በብሩሽ ፈተግ ፈተግ አደረግኩት።

«ውሃውን ዝጋው!» የአለቃዬ ድምፅ ከኋላዬ።

መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የተፈጨው የሣር ዘር ስታርች ድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አፈር ነው ያልኩትም የተፈጨ ቀለም ሊሆን ይችላል። መካከለኛው አውስትራሊያ ውስጥ ፑሪትጃራ የሚባል የአለት መጠለያ አለ። ከ32,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ለብዙ ሺህ ዓመታት እዚያ የገባው ቀይ ቀለም በብዛት የመጣው 125 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ካርኩ ነው። እንዲህ ያለው ነገር የሚታወቀው እኔ ካጠብኳት ዓይነት ቅንጣት ነው።

እኔ ደግሞ በረሃውን ባዶ አድርጌ ነበር የማስበው። በትንሹ ሳንዲ በረሃ ካርናቱኩል በሚባለው መጠለያ ሰው ከገባ 50,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የዘር ወፍጮዎች በብዛት የሚታዩት ግን ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ስልኩ ነው። ድንጋዩ የበረሃው ነባር ባለቤት የሆነው የማርቱ አቦርጂናል ሕዝብ ንብረት ነው፤ የሆነው ሊነገራቸው ይገባል። አለቃዬ «አንተው ትነግራቸዋለህ» አለች። እዚህ አገር የአቦርጂናል ትልልቅ እናቶችን በአክብሮት «አንቲ» ነው የምንላቸው። ስልኩን ላነሱት አንቲ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እናቴም ወፍጮ እንደነበራት ጨመርኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዝም አሉ። ከዚያ «እናትህ በደረቁ ነው የምትፈጨው በውሃ?» አሉኝ።

በደረቁ፣ አልኩ። እነሱ ዘሩን ውሃ ጠብ እያደረጉ ይፈጩትና ሊጡን ረመጥ ውስጥ ይጋግሩታል። ስለዚህ ብዙ አጫወቱኝ። በመጨረሻ «የቱን ፊት ነው ያጠብከው?» አሉ።

ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት የተነሳውን ፎቶ አወጣን። ወፍጮ ከባድ ነው፤ ሰው ሌላ ውሃ ፍለጋ ሲሄድ እዚያው ደፍቶት ይሄዳል፣ ሲመለስ ያገኘዋል። እኔ ያጠብኩት ወደ ሰማይ የነበረውን ፊት ነው።

«እሱንማ ዝናብ ካንተ በፊት አጥቦታል» ብለው ሳቁ።

አለቃዬ አልሳቀችም። ካርቶኑ ላይ «ታጥቧል» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ቀኑንና ስሜን።