አቲክ ላይ የማይወጣ ዕቃ

የአክስቴ ቤት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የቆየ ቤት ስለሆነ ብርድ ሲገባ የማሞቂያው ወጪ አይቻልም። ዘንድሮ የአቲኩን፣ ማለትም ከኮርኒስ በላይ ጣራው ሥር ያለውን ቦታ፣ ኢንሱሌሽን (ሙቀትና ብርድ የሚከላከለውን ሽፋን) ሊያሳድሱ ወሰኑ። ሠራተኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ታዲያ ላይ ያለው ዕቃ በሙሉ መውረድ አለበት ተባለ። ጋሼን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

«ምንም የረባ ነገር የለም፤ ዝም ብለህ ጣለው» አሉኝ አክስቴ።

አልጣልኩም። አቲክ ላይ የሚወጣው በየቀኑ የማንነካው ዕቃ ነው። በየቀኑ የማንነካው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማይተካው ነው። የሠርግ ፎቶ፣ ከአገር ቤት የመጣ ካሴት፣ የእናት ቀሚስ። ነገ ሱቅ ሄደን የምንገዛው ድስት ኪችን ውስጥ ተንደላቆ ይቀመጣል፤ በገንዘብ የማይገኘው ጣራ ሥር ይጠበሳል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ቴርሞሜትር መስቀል ነው። የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚይዝ ርካሽ ዓይነት አለ። ጁላይ ውስጥ አንድ ቀን 126 ፋራናይት ይዞ ጠበቀኝ። ወደ 52 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። ታች ሳሎኑ 75 ፋራናይት ነበር። እዚያው አጠገብ ካርቶን ውስጥ የፀጉር ስፕሬይ አገኘሁ። ጣሳው ላይ ከ120 ፋራናይት በላይ በሚሞቅ ቦታ እንዳይቀመጥ ተጽፏል። ከሁሉ በፊት የወረደው እሱ ነው። ቀጥሎ ባትሪው አብጦ ክዳኑን የገፋው አሮጌ ላፕቶፕ። ያበጠ ባትሪ አይጫኑትም፣ አይበሱትም፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጥሉትም። ባትሪ ወደሚቀበሉበት ቦታ ወሰድኩት።

ብርድ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የወጡና የሻወሩ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛው ጣራ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ባትሪ አብርቼ ጣራውን ከሥር አየሁት። ወደ ውስጥ ብቅ ያሉት የሚስማር ጫፎች ዝገዋል። በእያንዳንዱ ሚስማር ዙሪያ እንጨቱ ላይ ጥቁር ክብ አለ። ውርጩ እዚያ ይይዛል፣ ሲሞቅ ቀልጦ ታች ያለው ካርቶን ላይ ይንጠባጠባል። ጣራው ምንም ሳያፈስ ዕቃው የሚርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የምሠራው በማለዳ ነበር፤ ከረፋዱ በኋላ ላይ መቆየት አይሞከርም። ማስክ፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ግድ ነው፤ የኢንሱሌሽኑ ፋይበርግላስ (የመስታወት ክር) ያሳክካል። እግር የሚያርፈው አግዳሚው እንጨት ላይ ብቻ ነው። በመሃሉ ያለው የታችኛው ክፍል ኮርኒስ ነው፣ ሰው አይችልም። ቤታችሁ የድሮ ከሆነና ጠጠር የመሰለ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ተነስንሶ ካያችሁ ደግሞ አትንኩት። ቨርሚኩላይት ይባላል። እስከ 1990 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው አብዛኛው የወጣው አስቤስቶስ (ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ከነበረበት የሞንታና ማዕድን ማውጫ ነው። ባለሙያ ይየው።

ካሴቶቹ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነበሩ። ግማሹ ዘፈን ነው። ግማሹ ግን ስልክ እንደ እሳት በሚፋጅበት ዘመን ዘመድ ድምፁን ቀድቶ የላከው ደብዳቤ ነው። «ይድረስ ለምወድሽ...» ብሎ ጀምሮ፣ የጎረቤቱን ሰላምታ ሁሉ ቆጥሮ፣ ከጀርባው ዶሮ እየጮኸ። አክስቴ ካርቶኑን ሲያዩ «ይሄ እዚያ ነበር እንዴ?» አሉና ቁጭ አሉ።

እንዲህ ያለ ካሴት ዘሎ ማጫወቻ ውስጥ አይከተትም። ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን አሳረፍኩት። ከዚያ እርሳስ ጥርሱ ውስጥ አስገብቼ ቀስ እያልኩ አጠነጠንኩ። አንዳንዱ አልዞር አለ፤ ቀፎው ተጣሟል። ቴፑን ወደ ማጫወቻው ራስ የምትጫነው ትንሿ ስፖንጅም ሙጫዋ ደርቆ ወልቃለች። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ቀፎዎች አምስት ትንንሽ ብሎን አላቸው። ፈትቶ፣ ቴፑን ከነጥቅሉ አንስቶ፣ ደህና ቀፎ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ብሎን የሌለው፣ በሙጫ የተጣበቀ ዓይነትም አለ። እሱን በስለት ጠርዙን ይዞ መክፈት ነው። መጫወት ሲጀምር ወደ ኮምፒውተር ቀዳሁት። ለቤተሰቡ በቴሌግራም ላክሁ።

ፎቶዎቹ የባሱ ናቸው። ገጹ የሚያጣብቅ፣ በላዩ ላስቲክ ያለው አልበም ታውቃላችሁ፤ የ80ዎቹና የ90ዎቹ ሠርግ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። ሙቀቱ ፎቶውን ከሙጫው ጋር አዋህዶታል። እነዚህ በጉልበት አይላቀቁም። መጀመሪያ አልበሙ ላይ እንዳሉ ፎቶ አነሳኋቸው። ከዚያ የጥርስ ክር ከፎቶው ሥር አስገብቼ ወዲያና ወዲህ እያልኩ እንደ መጋዝ ሳብኩ። የወጣ ወጣ። እምቢ ያለውን ተውኩት፣ ቅጂው አለ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ እዚሁ ዋሽንግተን ያለው፣ የቤተሰብ ፎቶ አቲክና ቤዝመንት (ምድር ቤት) እንዳይቀመጥ ይመክራል። እኔ ሰርተፊኬትና ዲፕሎማንም እጨምርበታለሁ። ማሽን ያተመው የሙቀት ወረቀት ደረሰኝማ ጭራሽ ጠቁሮ ነው የጠበቀኝ።

ሐበሻ ቀሚሶቹ ከላውንደሪ በመጡበት ላስቲክ ውስጥ ነበሩ። የታጠፈበት መስመር ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ሳይታጠብ የተቀመጠ ልብስ ላይ የማይታይ ላብና የወጥ ፍንጣቂ ይኖራል፤ ሙቀት ያወጣዋል። አሁን ታጥበው፣ ንጹሕ የጥጥ አንሶላ ተጠቅልለው፣ መኝታ ቤት ገብተዋል። ሞሶቡን አይጥ ቤት ሠርታበት ነበር። ስንደዶና አክርማ ለአይጥ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። በርበሬው ቀይነቱን ጥሎ የሸክላ አፈር መስሏል፣ ሽታም የለው። ሽሮው ነቅዟል። የመጣልንን በርበሬ በትንንሹ ከፍሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተገዛው ጧፍም ለስልሶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። መድኃኒቱ ላይ ግን ከአክስቴ ጋር ተከራከርን። «ለአገር ቤት» የሚል አንድ ሻንጣ ሙሉ ቫይታሚንና የሕመም ማስታገሻ ነበር።

«ቀኑ እኮ አላለፈም!» አሉኝ።

ቀኑ የሚሠራው በተባለው ሙቀት ሲቀመጥ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፤ ከ68 እስከ 77 ፋራናይት ይላል። አልተደሰቱም። መድኃኒት መልሶ ለሚቀበል ፋርማሲ ሰጠሁት። ለዘመድ የማትውጠውን መላክ እኔ አይዋጥልኝም።

«ታዲያ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሳጥን ብንገዛስ?» የሚል ይኖራል። ሳጥኑ አይጥና አቧራ ይከለክላል፣ እሱ ጥሩ ነው። ሙቀት ግን አይከለክልም። እርጥበት ይዞ ከተዘጋ ደግሞ ሻጋታ ያፈላል። ወደ ቤዝመንት ማውረድም ያው ነው፤ የዚህ አገር በጋ ይወብቃል፣ ቧንቧም ይፈነዳል። አዲስ አበባ ቆርቆሮ ሥር፣ ከኮርኒስ በላይ ሻንጣ የምትሰቅሉም ከዚህ ብዙ አትርቁም። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ያላባል።

ኢንሱሌሽኑ ሲያልቅ፣ ሠራተኞቹ ጣውላ በመቱበት ጥግ ብቻ ጥቂት ነገር ተመልሶ ወጣ። ባዶ ሻንጣዎች፣ የፕላስቲክ የገና ዛፍ፣ የብረት ምጣድ፣ ትርፍ ጀበናና ሲኒ። ሸክላና ብረትን ሙቀቱ ምንም አይላቸውም። ረከቦቱ እንጨት ስለሆነ ታች ቀረ። የቀረው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ፤ በቤቱ መሃል ስለሆነ ሙቀቱ አይዋዥቅም። ጋሼ ግን ካፖርታቸውን የሚሰቅሉበት አጥተው፣ ባገኙኝ ቁጥር ያጉረመርሙብኛል።