ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የኒኬል ሳንቲም፦ ከድሬዳዋ የስድስት ወር ማስታወሻ

ማግኔትና ኤሌክትሪክ በአንድ ቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ማጥናት የጀመርኩት በአንድ ቁጥር ምክንያት ነው፤ 34። አረንጓዴ ቀለም የሚሠራበት ክሮሚየም ኦክሳይድ መግነጢሳዊ ሥርዓቱን (የአቶሞቹን ትንንሽ ማግኔቶች አሰላለፍ) የሚይዘው ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲሆን ነው። እኔ ደግሞ የምኖረው ድሬዳዋ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። በግንቦት ከሰዓት በኋላ የክፍሌ ቴርሞሜትር ከዚያ ያልፋል። የክሪስታሉ ቁራጭ ጠረጴዛዬ ላይ ቢኖር፣ ቀን ሥርዓቱ ይፈርሳል፤ ሌሊት ነፋስ ሲገባ ይመለሳል ማለት ነው። ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ።

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ኩሪ አንዳንድ ክሪስታሎች በኤሌክትሪክ መስክ መግነጢስ፣ በማግኔት መስክ ደግሞ ፖላራይዜሽን (የአዎንታዊና የአሉታዊ ቻርጆች መራራቅ) ሊያገኙ እንደሚችሉ ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ማረጋገጫው ከስድሳ ዓመት በላይ ዘገየ። የሶቪየት የፊዚክስ ሊቃውንት ነበሩ፦ ዲዚያሎሺንስኪ በ1959 ክሮሚየም ኦክሳይድን ለይቶ ተነበየ፤ አስትሮቭ በ1960 ለካው። ነገሩ የገባኝ እንዲህ ነው፦ የክሮሚየም አዮኖቹ እንደ ትንንሽ ማግኔቶች ናቸው፤ ግማሾቹ ወደ ላይ፣ ግማሾቹ ወደ ታች ስለሚያመለክቱ ይጣፋሉ። የኤሌክትሪክ መስክ ሲመጣ ሁሉም በጥቂቱ ወደ አንድ ወገን ይገፋሉ። ከዚያ በኋላ ላይ የሚያዩትና ታች የሚያዩት ከኦክስጅኖቹ ጋር ያላቸው ጉርብትና እኩል አይሆንም። ሚዛኑ ሲዛባ ጥቂት መግነጢስ ይተርፋል። በጣም ጥቂት ነው፤ በቤት መሣሪያ የሚያዝ አይደለም።

ማግኔትነትንና ቋሚ ፖላራይዜሽንን በአንድ ክሪስታል አብሮ ማግኘትም ቀላል አይደለም። በባሪየም ታይታኔት ውስጥ ታይታኒየሙ ከመሐል ፈቀቅ የሚለው የዲ ምሕዋሩ (ኤሌክትሮኖች ከሚይዟቸው ስፍራዎች አንዱ) ባዶ ስለሆነ ነው፤ ማግኔት ለመሆን ግን እዚያው ቦታ ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ያስፈልጋሉ። ቢስሙት ፌራይት ሥራውን ለሁለት አካፍሎ ያመልጣል፤ ፖላራይዜሽኑን ቢስሙት፣ ማግኔቱን ብረት ይሸከማሉ። ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ማንበብ ነበረብኝ።

እኔ የመረጥኩት ሌላውን መንገድ ነው፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማጣበቅ። አንዱ በማግኔት መስክ ቅርጹን ይቀይራል፤ ሌላው ሲለጠጥና ሲጨመቅ ቮልቴጅ ይሰጣል። ሁለተኛው በማንቂያ ደወል ውስጥ የሚገኘው ስስ የፒዬዞ ሳህን ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አይጠፋም። ለመጀመሪያው ኒኬል ያስፈልገኝ ነበርና ሐረር ጀጎል ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በ1923 ዓ.ም. የወጣ የኒኬል ሳንቲም ገዛሁ። ማግኔት ሳስጠጋው ጥርቅ ብሎ ተጣበቀ። ፒዬዞውን በጀርባው በኩል በኤፖክሲ አጣበቅሁት፤ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል እንዳይበላሽ ፊቱን አልነካሁም።

ሳንቲሙ ውስጡ የሚገባበትንና የማግኔት መስክ የሚፈጥረውን የሽቦ ጥቅል የጠመጠሙልኝ በባቡር ድርጅቱ ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጎረቤቴ ናቸው። ምን እንደምሠራ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ትራንስፎርመር ለምን እንደሚያጉረመርም ታውቃለህ? ብረቱ ስለሚተነፍስ ነው» አሉኝ። ሙሉ መልሱ ይህ ነበር። ብረቱ ለማግኔቱ አቅጣጫ ግድ የለውም፤ መስኩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲበረታ መጠኑ በአንድ ዓይነት መንገድ ይለወጣል። ስለዚህ በ50 ኸርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይተነፍሳል።

በመጀመሪያው ምሽት የፒዬዞውን ቮልቴጅ በሚያሳየኝ ኮምፒውተር ላይ ትልቅ ሞገድ ሳይ ተሳካ ብዬ ነበር። ሳንቲሙን ከጥቅሉ ባወጣውም ሞገዱ አልጠፋም። ሽቦዎቼ ራሳቸው ቀለበት ሠርተው የጥቅሉን መስክ እየለቀሙ ነበር። ገመዶቹን እርስ በርስ ገመድኳቸው፤ ከመብራት መስመሩም ለመራቅ ጥቅሉን በአምፕሊፋየር በ400 ኸርዝ መገብኩት። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በ800 ኸርዝ አንድ ቀጭን መስመር ብቅ አለ። የሽማግሌው ትንፋሽ!

ከዚያ ቋሚ ማግኔት በቀስታ አስጠጋሁ። የ400 ኸርዙ መስመር አደገ፤ ማግኔቱን ይበልጥ ሳቀርበው ደግሞ ኒኬሉ ስለጠገበ (ከዚያ በላይ ማግኔት መሆን ስለማይችል) ወረደ። ማግኔቱን ገልብጬ ሳመጣው ሞገዱ ተገለበጠ፤ የፊቱ ጫፍ የኋላ ሆነ። ሽቦ ብቻውን የለቀመው ቢሆን ኖሮ ቋሚ ማግኔት ይህን አያደርግበትም። ጥርጣሬዬን ለመጨረስ ተመሳሳይ ፒዬዞ በ1936ቱ የመዳብ ሳንቲም ላይ አጣብቄ ሁሉንም ደገምኩ። ማግኔቱን ባቀርበውም ባርቀውም መዳቡ ምንም አላለም። ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ማስረጃ ይህ ዝምታ ነው፤ መሞከር የምታስቡ ሁሉ የመዳቡን ሳንቲም ከመጀመሪያው ቀን አዘጋጁ።

አንድ ነገር መለየት አለበት። በእኔ ሳንቲም ማግኔቱና ኤሌክትሪኩ የሚገናኙት በመለጠጥና በመጨመቅ፣ በሙጫው በኩል ነው፤ በክሮሚየም ኦክሳይድ ግን ግንኙነቱ አቶሞቹ መካከል ነው። አሁን በፒዬዞውና በኒኬሉ መካከል ያለውን፣ ፒዬዞው ተጣብቆበት የመጣውን የናስ ሳህን ለማስቀረት ባዶ የፒዬዞ ሴራሚክ እየፈለግሁ ነው፤ ናሱ ከንቅናቄው ከፊሉን ይበላል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ደግሞ ከቮልቴጁ በፊት የክፍሉን ሙቀት እጽፋለሁ። ትናንት ከሰዓት 36 ነበር፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ 27።