አሰልጣኜ በፔሬዴ አሳበበ፣ እኔም አመንኩት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ጂም ተመዘገብኩ። ሁለት ወር ሳይሞላኝ 50 ኪሎ ተሸክሜ ስኳት (ቁጭ ብድግ) መሥራት ቻልኩ። ኮራሁ።

ከዚያ አሰልጣኙ ስልኩ ላይ ሰንጠረዥ አሳየኝ። እንቁላል እስኪለቀቅ ድረስ ክብደት፣ ከዚያ በኋላ እረፍት። "ሆርሞንሽ ነው የሚወስነው" አለኝ። ሰንጠረዡ የ28 ቀን ነው፤ የእኔ ዑደት 34። አልጠየቀኝም፤ እኔም አፍሬ አልነገርኩትም። የወሩን ግማሽ ቁጭ አልኩ።

ሆርሞኖቹ ከፍ ዝቅ ማለታቸው እውነት ነው። እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ የሰውነት ሙቀትም ትንሽ ይጨምራል። አቅም ላይ ግን ጥናቶች ያገኙት ልዩነት በአማካይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከሴት ሴትም ይለያያል።

በአምስተኛው ወር 50 ኪሎው አልነሳ አለኝ። የጎሃን ዳገት ሳላጋምስ ልቤ ድው ድው ይላል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ለካርድ ብቻ እስከ 5 ሰዓት ተሰለፍኩ። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "ፔሬድ ላይ ነሽ? በቃ እሱ ነው፤ ይለቅሻል" ብሎ ሸኘኝ። ደም አላስመረመረኝም። ስንት ቀን ይፈስሻል ቢለኝ 8 ቀን እለው ነበር። ሁለቱን ቀን ሞዴስ በየሰዓቱ እንደምቀይርም እነግረው ነበር። እስካሁን ያናድደኛል። እናንተ ግን ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ "ደሜ ይታይልኝ" ብላችሁ ድርቅ በሉ።

ሌላ ቦታ ስመረመር ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደሜ ክፍል፣ 9.4 ሆነ። ላላረገዘች ሴት ከ12 በታች የደም ማነስ ነው። ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ከዚያም ከፍ ማለት ነበረበት። ለካ ጡንቻዬ ኦክስጅን አጥቶ ነው።

የአይረን ክኒን ታዘዘልኝ። የቀጣዩ ወር ጥፋት የራሴ ነው። ወረቀቱ "ከምግብ በኋላ" ይላል፤ እኛ ቤት ከምግብ በኋላ የሚመጣው ቡና ነው። ክኒኑን በአቦል አወራርደው ነበር! ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። አንድ ወር ሙሉ ለከንቱ ዋጥኩ። አሁን ማታ፣ ከቡናው ርቄ፣ በብርቱካን እወስደዋለሁ።

ቀኖቼን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ለሐኪም እንጂ ለእረፍት አይደለም። ቁርጠት ሲይዘኝ ክብደት እቀንሳለሁ፣ ሌላውን ቀን እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ ሰንጠረዡ "እረፍት" በሚለው ቀን፣ 55 ኪሎ ተሸክሜ ተነሳሁ። አሰልጣኙ አጨበጨበልኝ።

"አየሽ፣ ሆርሞንሽ ተስተካከለ!"