ቁልፉ፣ ቡቺና የሜጫ ጊደር

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል ቁልፉ ከእጄ አመለጠኝና ባንኮኒው ሥር ገባ። ሱቅ ስላችሁ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ዊልቸሬ ባንኮኒው ሥር አይገባም፣ እጄም አይደርስም። እንደ ወትሮዬ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚ መጠበቅ ያዝኩ። (መቼም ቁጭ ማለቱ ለእኔ አዲስ አይደለም።)

ሁለት ተማሪዎች ስልካቸው ላይ እንዳፈጠጡ አለፉ። ከዚያ አንድ ባጃጅ ቆመ። ሹፌሩ "እህቴ፣ ምን ልርዳሽ?" ብሎ ወረደና ተንበርክኮ አወጣልኝ። ሰው ደግ ነው፣ በዚህ አላማርርም። የሚያበግነኝ መጠበቁ ነው። ለአንድ ቁልፍ ሃያ ደቂቃ!

ቤት ገብቼ ለአካል ጉዳተኞች ውሻ አሠልጥኖ ስለሚሰጥ አንድ የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለእናቴ አነበብኩላት። ካናይን ኮምፓኒየንስ ይባላል። ቦኒ በርጊን የምትባል መምህርት ናት በ1975 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ሮዛ ላይ የጀመረችው። ለዓይነ ስውራን የሚሆኑ መሪ ውሾችማ ቀድሞም ነበሩ፤ ጀርመኖች በ1916 እ.ኤ.አ. ዓይናቸውን በጦርነት ላጡ ወታደሮች ማሠልጠን ጀምረዋል። እንደ እኔ እግሩ ለማይታዘዘው ግን ብዙም ያሰበ አልነበረም። ሴትዮዋ ሐሳቡን ከየት አገኘችው መሰላችሁ? ከአህያ! እስያ ስትዞር አካል ጉዳተኞች አህያ ተደግፈው ሲሄዱ፣ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ሲነግዱ አየች። አገሯ ስትመለስ አህያውን በውሻ ለወጠችው።

እናቴ ሳቀች። "የእኛ አህያ ይኸው ስንት ዘመን ገበያ ይመላለሳል፣ ማን እንዲህ አሰበ!"

የመጀመሪያው ውሻ አብዱል ይባላል። የተሰጠው ኬሪ ናውስ ለምትባል በዊልቸር ለምትሄድ ወጣት ነው። የወደቀ ዕቃ ያነሳላታል፣ መብራት ያበራላታል። ከዚያ ከአንድ ውሻ ተነስተው እስከ ዛሬ ከ7 ሺህ በላይ ሰጥተዋል። ያውም በነፃ።

አሠራሩ ላይ ስደርስ እናቴ አስቆመችኝ። ቡችላው ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ለአንድ በጎ ፈቃደኛ ይሰጣል። እሱም ገበያ ይዞት ይሄዳል፣ ከሰውና ከመኪና ግርግር ያላምደዋል። ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ ሲሞላው ይመልሰዋል። ቀጥሎ ባለሙያዎቹ ለወራት ያሠለጥኑታል። በመጨረሻ ውሻውና የሚረከበው ሰው አብረው ይማራሉ።

"እንግዲያ ርቢ ነዋ!" አለች።

ሜጫ ነው ያደገችው። እዚያ ጊደር ያለው ሰው ግጦሽና ጉልበት ላለው ለርቢ ይሰጣል። ከብቷ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀራለች፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ።

"ታዲያ አሳዳጊው ምን ይደርሰዋል?"

"ምንም።"

"ቀለቡስ?"

"ከራሱ ኪስ ነው።"

ዝም አለች። ጀበናውን ከእሳቱ ላይ አነሳች፣ መልሳ ጣደችው። "መልሱ ሲሏቸው አያለቅሱም?"

"ያለቅሳሉ አሉ።"

"ያባታችን ጊደር ስትሄድ እኔም አልቅሻለሁ። እኛ ግን ጥጃ ደርሶናል።"

ለእኔ የድርጅቱ እድገት ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ብር ተለምኖ ይገኛል። አሳድጎ፣ ለምዶ፣ ስም አውጥቶ መልሶ የሚያስረክብ ሰው በሺህ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሚመለሱት ውስጥ ፈተናውን የማያልፉ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ወፍ ካየ ልቡ ይሄዳል፣ ሌላው ድንጉጥ ይሆናል። ይሄ ሁሉ ታውቆ ነው የሚያሳድጉት።

እኛ ዘንድ ይሆናል? እንጃ። እዚህ ውሻ በር ጠባቂ ነው፣ ቤት ይግባ ካልሽ ጎረቤት ይስቃል። በየመንገዱ የሚዞረው ውሻም አለ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ፍራቻም አለ። ሐይቁ ዳር ከዘንባባው ሥር ማታ ላይ ውሾቹ ሲሰበሰቡ እኔም ባጃጅ እጠራለሁ።

ቢሆንም ቡቺን ሞከርኩት። ቡቺ የግቢያችን ውሻ ነው፣ ዘሩን የሚያውቅ የለም። ቁልፉን መሬት ጣልኩና ዳቦ አሳየሁት። አሸተተው፣ በጥርሱ ነካ አደረገው፣ ተወው። ሦስት ቀን ለፋሁ። ጫማዬን፣ የጀበና ማስቀመጫ ጨርቁን፣ የጎረቤት ካልሲ ሳይቀር ያነሳል፤ ቁልፍ ግን አይነካም። ለካ ብዙ ውሻ ብረት በአፉ መያዝ አይወድም፣ አሠልጣኞቹም ለስላሳ ነገር አስቀድመው ነው ወደ ብረት የሚሄዱት።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፌን ሳነሳ የሆነ ነገር ተንጠልጥሎበታል። ከአሮጌ ቀበቶ የተቆረጠ ቁራጭ ቆዳ፣ በነጭ ክር የተሰፋ። እናቴን "አንቺ ነሽ?" አልኳት። ሽንኩርቷን መክተፏን ቀጠለች።

አሁን ቡቺ ቁልፉን ያነሳል። ቆዳውን ነክሶ፣ ጭራውን እየቆላ ግቢውን ያቋርጣል። የሚወስደው ግን ለእኔ አይደለም። ቀለብ የምትሰጠው እሷ ናትና ቀጥ ብሎ ማድ ቤት ይገባል። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ሆኜ "እማ፣ ቁልፌን!" እላለሁ።